ሁለተኛ ዓመት ላይ ማን በነገረኝ!

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ይቺን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። እዚሁ ጎንደር ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነች። ባለፈው እሑድ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ቶናው ሲቀዳ «እትዬ፣ ስንመረቅ ግን ምንድን ነው የምንሆነው?» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቷ ቀደመችኝ። «ሐኪም ነዋ!»

በአክስቴ አይፈረድባትም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር። ለጎንደር ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲባል እስከ ዛሬ የሚታየው ነጭ ጋውን ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ «የአእምሮ ሐኪም ያድርግሽ» ብሎ መርቆኛል። አራት ዓመት ሙሉ አላስተባበልኩም። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኝ ነበር።

እስቲ መጀመሪያ እሱን ላጥራው። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ ጨርሶ ከዚያ በላይ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት አያዝም። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ደግሞ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ ማለት አይቻልም፤ ማስተርስ ያስፈልጋል። ይህን በደንብ የተረዳሁት አራተኛ ዓመት ላይ ነው። የሳይኮሎጂ አባት የሚባለው ጀርመናዊው ቩንት በ1879 እ.ኤ.አ. ላይፕዚግ ውስጥ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ መክፈቱን ግን ገና ኮርሱ ሲጀመር ሸምድጃለሁ። ለፈተና ጠቅሞኛል። ፒያሳ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስቆም ግን ስለ ቩንት የጠየቀኝ የለም።

እዚያ ሰሌዳ ሥር ሰባት ወር ቆሜያለሁ። ጠዋት ጠዋት፣ እስክሪብቶና ደብተር ይዤ፣ ከፊቴ ያለውን ረጅም ልጅ «ወንድሜ፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» እያልኩ። «በሳይኮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል። ደስ ብሎኝ ወደ ታች ሳነብ «2 ዓመት የሥራ ልምድ»። «0 ዓመት» የሚል የተገኘ ቀን ደግሞ የከተማው ምሩቅ በሙሉ እዚያው ነው። ሳነብ ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው ዲግሪ አምስት ዓይነት ምሩቅ ያለው ነው። ሰው የሚለየው ከታች ያለው ነው፦ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ የአንድን ሰው ጉዳይ ይዞ መከታተል፣ ሪፖርት መጻፍ፣ በስልክ መረጃ መሰብሰብ፣ ሌላ ቋንቋ። እነዚህን ደግሞ ተማሪ እያለሁ በነጻ ልማራቸው እችል ነበር።

የት? በተግባር ልምምዱ። የእኔን ልንገራችሁ። አንድ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። የጋይዳንስ (የተማሪዎች ምክር) ቢሮ ተብሎ የተሰጠኝ ክፍል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫም ነበር። አየር የወጣባቸው ኳሶች፣ የጠመኔ ካርቶን፣ አንድ እግሯ የተሰበረ ወንበር። ተማሪው ደግሞ ክፍሉን የሚያውቀው አርፍዶ ሲመጣ የሚቀጣበት ቦታ አድርጎ ነው፤ ማን ችግሩን ሊያወራ ይመጣል? እኔም ስም መጥሪያ ስሞላ ወሩ አለቀ። አንድ ቀን ብቻ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ገባና ኳሷን እየተጫነ «ቲቸር፣ እዚህ ማልቀስ ይቻላል?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት እንኳ አላስታውስም፤ ደንግጬ ነበር። ከአራት ዓመቱ ትምህርት ሥራ የሚባለውን ያየሁት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው፣ እኔ ደግሞ አልተዘጋጀሁበትም።

ሁለተኛው ያባከንኩት የመመረቂያ ጽሑፌን ነው። ግቢው በር ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ታውቁታላችሁ። እኔ አላሠራሁም፣ ግን «ቶሎ የሚያልቅ» ብዬ ነው ርዕስ የመረጥኩት። ስታቲስቲክሱንም ጓደኛዬ ሠራልኝ። ዛሬ ያ ጓደኛዬ መረጃ እየተነተነ ይኖራል።

ለአክስቴ ልጅ ያልኳት ይህንን ነው፦ መጀመሪያ ሥራውን ምረጪ፣ ከዚያ የልምምድ ቦታሽንም የጽሑፍሽንም ርዕስ ወደዚያ አዙሪ። ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ አራተኛ ዓመት ላይ መውጫ ፈተናው ጭንቅላትሽን ይይዘዋል፣ ከመቶ 50 ካላመጣሽ ዲግሪውም የለም። ትምህርት ቤት ከፈለግሽ ልጆች ጋ ዋይ። የሰው ሀብት ከፈለግሽ የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ኮርስ ጨምሪ። ማስተርስ ካሰብሽ ውጤትሽን ጠብቂ፣ መግቢያ ፈተናም አለው።

እኔ ያለሁበት የእርዳታ ድርጅቶች መንገድ ግን እዚህ አካባቢ ሰፊ ነው። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ መጠለያ የኤርትራ ስደተኞች አሉ፤ በመተማ በኩል የሱዳን ጦርነት ያመጣቸው አሉ፤ የራሳችንም ተፈናቃይ አለ። ኬዝ ወርከር የሚባለው ሥራ እንደ ፊልሙ ሶፋ ላይ አስተኝቶ ማውራት አይደለም። ቤት ለቤት ትሄጃለሽ፣ ታዳምጫለሽ፣ ትጽፊያለሽ፣ ከአቅምሽ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ትልኪያለሽ። ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚሄደው ጠበል ነው። «ጠበሉን ተዉት» ካልሽ በሩ ተዘጋ። «ጠበሉንም ኪኒኑንም» ካልሽ ግን ይሰሙሻል። ይህን የትኛውም ሃንድአውት ላይ አላገኘሁትም። ደግሞ ትግርኛ ወይም ዐረብኛ የሚችል ልጅ ከእኔ ቀድሞ ይቀጠራል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለዲፓርትመንቶች አንዲት ነገር ልበል። በዓመት አንድ ቀን ሥራ ላይ ያለነውን ምሩቃን፣ ሥራ ያጡትንም ጭምር፣ ሁለተኛ ዓመቶች ፊት አቁሙን። አበል አንጠይቅም። ሻይ ግን አይጠላም።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ደወለች። ስለ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ «እትዬ፣ ትግርኛ የሚያስተምር ሰው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። ይህን የሚያነብ ጎንደር ያለ ሰው ካወቀ በጋዜጣው በኩል ይንገረን፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመቻታል፣ ጠዋት ክላስ አላት።

አንዲት የሳይኮሎጂ ምሩቅ
ከጎንደር