ቅዳሜ ጄሊ ሮል ሞርተንን እናዳምጣለን

ሰላም ለሁላችሁ፣

የፊታችን ቅዳሜ ተራው የጄሊ ሮል ሞርተን ነው። በእኛ 10 ሰዓት፣ በዚህ አገር 4 ሰዓት ላይ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ፣ በ13ኛው መንገድ በኩል ባለው መውጫ እንገናኝ።

ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ይህ የኒው ኦርሊንስ የጃዝ ፒያኒስት በ1930ዎቹ መጨረሻ ዩ ስትሪት ላይ ባለች ትንሽ ክለብ ይጫወት ነበር። ዛሬ ሐበሻ በሚበዛበት መንገድ ማለት ነው! በ1926 ቺካጎ ውስጥ ሬድ ሆት ፔፐርስ የተባለውን ባንዱን ይዞ ሲቀዳ ገናና ነበር። ዋሽንግተን ሲመጣ ግን ዘመኑ አልፎበታል።

በ1938 የሕዝብ ሙዚቃ ሰብሳቢው አለን ሎማክስ እዚሁ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፒያኖ ፊት አስቀምጦ ለሰዓታት ቀዳው። እያወራ ይጫወታል፣ እግሩ ወለሉን ሲመታ ይሰማል። እኔ ደጋግሜ ሰምቼው አልጠገብኩም። ሞርተን ከሦስት ዓመት በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። “ጃዝን የፈጠርኩት እኔ ነኝ” ማለቱን አልቀበለውም፤ ጃዝን በኖታ ጽፈው ካቀናበሩት ቀደምቶች አንዱ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ከመምጣታችሁ በፊት ከ1926ቱም ከ1938ቱም አንዳንድ ቅጂ ስሙ። የጆሮ ማዳመጫ ያዙ።

አንድ የምንወስነው አለ፦ ከዚያ በኋላ ሬስቶራንት እንግባ ወይስ እኔ ቤት ቡና ላፍላ? መምጣታችሁንና ምርጫችሁን እባካችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።