«ከእንግዲህ አያስፈልጋትም» ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ኮክሌር ኢምፕላንት (መስማት ለተሳናቸው በቀዶ ሕክምና ስለሚገጠመው የመስሚያ መሣሪያ) የሠራችሁትን ዘገባ፣ ጽሑፉንም ቪዲዮውንም፣ አየሁት። መሣሪያው የተገጠመላት ሕፃን ድምፅ ሰምታ ስትደነግጥ እናቷ አለቀሰች። ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን «ከእንግዲህ የምልክት ቋንቋ አያስፈልጋትም» የምትለዋን ነገር ከየት አመጣችኋት? ሐኪሙ ይበሉት አይበሉት አላውቅም፣ ቪዲዮው ከሥሩ ጽሑፍ የለውማ! መስማት ስለተሳናቸው ሰዎች፣ ለሚሰሙ ሰዎች ብቻ። ጎበዞች!

መሣሪያው እኮ ጆሮ አይጠግንም። ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ በቀጥታ ለመስማት ነርቭ ያቀብላል። አንጎሏ ያንን እንደ ንግግር መረዳት እስኪለምድ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ልምምድ ይፈልጋል። የውጪው ክፍል ደግሞ ስትተኛ ይወልቃል፣ ባትሪውም ያልቃል። ያኔ በምን ታውራ?

እኔ በከፊል ነው የምሰማው። ልጅ ሆኜ «ምልክት ከለመደ ለመናገር ይሰንፋል» ተብሎ ተከለከልኩ፣ ከንፈር አንብብ ተባልኩ። እስቲ መስታወት ፊት ቆማችሁ ድምፅ ሳታሰሙ «በራ» እና «መራ» በሉ። ልዩነቱን ካያችሁ ለእኔም ንገሩኝ። አስተማሪው ደግሞ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ነው የሚያስረዳው፤ ከማጅራቱ ምን ላንብብ? ክፍሉ ሲስቅ አብሬ እየሳቅኩ፣ በምን እንደሳቅን ሳላውቅ አደግኩ።

ሐሳባችሁ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1880 (በፈረንጆቹ) ጣሊያን፣ ሚላን ላይ ለጉባኤ የተሰበሰቡ፣ መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የሚሰሙ ናቸው፣ ምልክት ከትምህርት ይውጣ ብለው ወሰኑ። ያው ጉባኤ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ ውሳኔውን ውድቅ አድርጎ መጸጸቱን የገለጸው በ2010 ነው። 130 ዓመት! እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ሚላን መለሳችሁን።

እኛ መስማት የተሳነንም ብንሆን በአንድ አፍ አንናገርም። መሣሪያውን አስገብቶ የተደሰተ አለ፣ ሞክሮት መሳቢያ ውስጥ የወረወረው አለ። «ምንም አልጎደለኝም፣ ቋንቋ አለኝ» የሚል አለ። ካደገ በኋላ መስማት ያቆመ ሰው ደግሞ ምልክት አያውቅም፣ ያጣውን ነገር ቢያዝንበት ማን ይፈርድበታል? ከእነዚህ ሁሉ አንዱን መጠየቅ አቅቷችሁ ሐኪም፣ እናትና መሣሪያ ሻጭ ጠየቃችሁ። ሻጩ መሣሪያው ጥሩ ነው አለ። አይገርምም?

ቤተሰቡ ምልክት መማር ጀምሮ እንደነበር ራሳችሁ ጽፋችኋል። እናንተን አምነው ሳያቆሙ እርማቱን ቶሎ አውጡት።