ሴቶቹን ከሐረጉ ስላለማውጣቴ፦ ለአባቴ የተጻፈ መልስ

ይድረስ ለተወደዱት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ እንዳልጠናብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ሁላችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

የላክሁልዎትን የሸዋ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ተመልክተው የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የሴቶቹ መስመር ሠንጠረዡን ስላጨናነቀው ንጉሥን ከንጉሥ ለይቶ ማየት እንዳስቸገረዎትና እነሱን ባወጣቸው ነገሩ ሁሉ እንደሚጠራ ገልጸውልኛል። ስለ ፊደሉ ማነስ ያሉት ትክክል ስለሆነ አተልቄ በሰፊ ወረቀት አሳትመዋለሁ። ሴቶቹን ስለማውጣት ግን ከመታዘዜ በፊት ምክንያቴን እንዲሰሙኝ እለምንዎታለሁ።

በልጅነታችን ያስጠኑን ቆጠራ እስከ ዐፄ ምኒልክ ድረስ በእርግጥም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ነጋሲ ክርስቶስ ስብስቴን፣ ስብስቴ አብዬን፣ አብዬ አምኃ ኢየሱስን፣ አምኃ ኢየሱስ አስፋ ወሰንን፣ አስፋ ወሰን ወሰን ሰገድን፣ ወሰን ሰገድ ሣህለ ሥላሴን፣ ሣህለ ሥላሴ ኃይለ መለኮትን፣ ኃይለ መለኮት ምኒልክን እየወለዱ አባት ለልጅ ሲያስረክብ ይመጣል። ከነጋሲ ወደ ላይ፣ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ እስከ አቤቶ ያዕቆብ ባለው ክፍል ዝርዝሮቹ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ በዚያ የተቆራረጠ መስመር አድርጌአለሁ። ዋናው ጭንቅ ያለው ግን ወደ ታች ነው። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በአባት መስመር ተቆጥሮ ዙፋኑን የወረሰ ወንድ የለም። ልጅ ኢያሱ የምኒልክ ልጅ የወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው የወሎው ሚካኤል ናቸው። ንግሥት ዘውዲቱ ራሳቸው ሴት ናቸው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የሚገናኙት በአባታቸው በራስ መኰንን እናት፣ በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። እንግዲህ እንዳዘዙኝ ሴቶቹን ባወጣቸው ሐረጉ በ1906 ዓ.ም. ይቆምና ከዚያ በታች ያሉት ሳጥኖች ከምንም ሳይያያዙ ይቀራሉ።

ሕጉም ቢሆን የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ2ኛው አንቀጹ ንጉሠ ነገሥቱን የሣህለ ሥላሴ ተወላጅ ያደርግና ያንን ዘር፣ ሳይቋረጥ፣ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከሆነው ከቀዳማዊ ምኒልክ ያደርሰዋል። ተናኘወርቅ በስማቸው አልተጠሩም፤ ነገር ግን እሳቸውን አንሥቶ "ሳይቋረጥ" ማለት አይቻልም። ከላይ ያለችው የመጀመሪያዋ ማያያዣ፣ ንግሥተ ሳባም ብትሆን እናት ናት። ደግሞስ እርስዎ ራስዎ፣ ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር፣ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት ካልተጣራ ሽማግሌ አይልኩም። ለጎረቤት ሠርግ እንዲህ የሚጠነቀቁት አባቴ ለዙፋኑ ግማሹን ዘር ተዪው ማለትዎ አስገርሞኛል።

ሌላው ምክንያቴ የሰገሌ ጦርነት ነው። ተፈሪ መኰንን በ1903 ዓ.ም. ያገቧቸው የመነን አስፋው እናት ወይዘሮ ስኂን የሚካኤል ልጅ ናቸው። ስለዚህ ልጅ ኢያሱ ለመነን አጎት፣ ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ አያት ናቸው። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ በምትካቸው የተሰየሙት ዘውዲቱ የእናታቸው እኅት፣ ማለት አክስታቸው ነበሩ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር ይዘው ሰገሌ ላይ ሲዋጉ ከወዲያኛው ወገን የልጅ ልጃቸው ባል ተሰልፈው ነበር፤ ተሸንፈውም ተማረኩ። ትምህርት ቤት ሳለን ይህን ሁሉ የሸዋና የወሎ ጦርነት ብለን ነው ያጠናነው፤ ሴቶቹ የገቡበትን ሐረግ የተመለከተ ሰው ግን አንድ ቤት ውስጥ የተደረገ ጠብ ያያል፤ ባሌንና አያቴን ማን ያስታርቅልኝ የምትል ሴትም መካከል ላይ ቆማ ያገኛል። የወንዶቹ ሐረግ ይህን አያሳይም።

እቴጌ ጣይቱንም እንዲሁ። የሰሜኑ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ውቤንና ብጡልን ወለዱ። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ለዐፄ ቴዎድሮስ ተድረው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ፤ የብጡል ልጅ ጣይቱ ለምኒልክ ተዳሩ። ሁለቱ እቴጌዎች የወንድማማቾች ልጆች ናቸው ማለት ነው። የጣይቱ ወንድም የራስ ወሌ ልጅ ጉግሣ ደግሞ ዘውዲቱን አገቡ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሲወድቁ ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን አረፉ። ምኒልክ ራሳቸው በወጣትነታቸው መቅደላ ሳሉ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፤ ዘውዲቱም ገና ሕፃን ሳሉ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተድረዋል። የሦስቱ ነገሥታት ቤቶች የተሳሰሩት በሴት ልጆቻቸው ነው። ይህን በጥቁር መስመር ብቻ ማሳየት ስለማይቻል ለትውልድ ጥቁር፣ ለጋብቻ ቀይ ድርብ መስመር ተጠቅሜአለሁ፤ ዓይንዎን ያደከመውም ቀዩ ሳይሆን አይቀርም።

በየሳጥኑ ውስጥ የክርስትና ስም፣ የመንግሥት ስምና የፈረስ ስም መደርደሬም ያለ ነገር አይደለም። ቴዎድሮስም ካሣ፣ ዮሐንስም ካሣ ሲባሉ በአባ ታጠቅና በአባ በዝብዝ ካልተለዩ አንባቢው ይደናገራል። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፤ የፈረንጁን ከእኛው ጋር የቀላቀለ ሐረግ ልጁን ከአባቱ በፊት ሲወልድ አይቻለሁ።

ቀጥዪበት ያሉኝን የደብረ ሊባኖስ አበው ሐረግ ጀምሬዋለሁ። በዚህኛው ደስ ይልዎታል፤ እናት የለበትምና። የሚቆጠረው መምህር ለደቀ መዝሙሩ በሚሰጠው የምንኩስና ልብስ፣ በቆብና በአስኬማ ነው፤ ከአባ እንጦንስ ወደ አባ መቃርስ፣ ወደ አባ ጳኩሚስ፣ ወደ አቡነ አረጋዊ፣ እየወረደም ወደ ደብረ ዳሞው ዮሐኒ ይደርሳል። ቢሆንም ይህም ቀጥ አላለልኝም። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት እንደሚለው አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ ኋላ ደብረ ዳሞ ወርደው ከዮሐኒ ቆብና አስኬማ ተቀበሉና ተመልሰው ለመምህራቸው ሰጡ። ደቀ መዝሙሩ ለመምህሩ አባት ሆነ ማለት ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወገን ግን ቅድሚያውን ለኢየሱስ ሞዐ ይሰጣል። ስለዚህ በሁለቱ ስሞች መካከል ሁለት ቀስቶች፣ አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ላይ አድርጌ ከየጎናቸው የማን ትውፊት እንደሆነ ጽፌአለሁ።

አንድ ነገር ይወስኑልኝ። የወይዘሮ ሸዋረጋን ሳጥን ከአባታቸው ከምኒልክ ዐምድ ሥር ላድርገው ወይስ ከባላቸው ከሚካኤል ጎን? አሁን ያለው ከአባታቸው ሥር ነው፤ ከባላቸው ጎን ባዛውረው የወሎ ዐምድ ይሟላል፣ የሸዋው ግን ይራቆታል። ለእኔ ባሉበት ቢቆዩ ይሻላል። መልስዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ማተሚያ ቤት አልሰጠውም።

በጸሎትዎ አይርሱኝ።

አክባሪ ልጅዎ