እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሥራው ተገኘ፦ የምስጋና መልእክት ለጅማ ሰዎች

ይድረስ ለጅማ ወገኖቼ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትባል ከተማ ነው። አገሬ ላይ የተማርኩበትንና የሠራሁበትን ሙያ መልሼ አግኝቻለሁ። አረጋውያንን በሚንከባከብ አንድ ድርጅት ውስጥ ስታፍ አካውንታንት፣ ማለትም የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። የሙከራ ጊዜዬም በሰላም አልቋል።

ዜናውን ብዙዎቻችሁ ከእናቴ ሰምታችኋል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያልሰማ ሰው ያለም አይመስለኝም። ምስጋናዬ ግን በእናቴ በኩል ብቻ እንዲደርሳችሁ አልፈለግኩም። ለምን መሰላችሁ? ያደረጋችሁልኝን ሙሉውን እናንተም አታውቁትም። እያንዳንዳችሁ የድርሻችሁን አድርጋችሁ ወደ ሥራችሁ ተመልሳችኋል። የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር ሲገጣጠም እዚህ ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ልንገራችሁ።

ዲቪ የደረሰኝ ጊዜ ሰው ሁሉ «አለፈላት» አለ። ዲግሪ አላት፣ ልምድ አላት፣ እንግሊዝኛ አያስቸግራትም፣ ምን ቀራት ተባለ። እዚህ ስደርስ ግን የመጀመሪያ ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ሆነ። ቀጥሎ ፓርኪንግ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ። ሥራ ክቡር ነው፤ የቤት ኪራይ ከፍዬበታለሁ፣ ወደ ቤትም ልኬበታለሁ። የሚያመኝ ሌላ ነገር ነበር። ለሂሳብ ሥራ ባመለከትኩ ቁጥር «የአሜሪካ የሥራ ልምድ አለሽ?» ይሉኛል። የለኝም ስል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። አንድ ቦታማ ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ሴት ሲቪዬን አገላብጣ «ይሄ የቡና ነገር ከእኛ ሥራ ጋር ብዙም አይገናኝም» አለችኝ። ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር ያስለቀሰኝ። የቡና ሂሳብ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁና።

ለማያውቅ ልንገር። ከጥቅምት ጀምሮ እሸቱ ሲቀላ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሂሳብ ክፍል እንቅልፍ የለውም። የተለቀመ ቀይ ቡና በዕለቱ ማጠቢያ ጣቢያ ደርሶ መፈልፈል አለበት። ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። ገበሬውም ብሩን በቶሎ ይፈልጋል። ስለዚህ ለመሠረታዊ ማኅበራቱ የግዢ ገንዘብ በቅድሚያ ይወጣል፤ ከዚያ የሚዛን ደረሰኝ በካርቶን ካርቶን እየሆነ ይመጣል። የተመዘነው ኪሎ፣ የተከፈለው ብርና መጋዘን የገባው ቡና መግጠም አለባቸው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ የሚወጣው አንድ ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ነው። እንግዲህ የጎደለው ኪሎ በተፈጥሮው የቀነሰ ይሁን ሰው የወሰደው፣ ለይቶ ማሳየት የሂሳብ ሠራተኛው ሥራ ነው። ቅድሚያ የወሰደ ሁሉ እስኪያወራርድ ድረስ እያንዳንዱን መከታተል አለ። የባንኩን ማስታረቅ አለ። ሰኔ 30 ሂሳብ መዝጋት አለ። ይህን ሠርቶ ያለፈ ሰው ስቶክ ወይም ክፍያ የትም አገር አይከብደውም።

ይህን እዚህ ላሉት ያስረዳልኝ ማን ነው? የዩኒየኑ አለቃዬ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን አመሰግናለሁ።

ሁላችንም የምናውቀው የሥራ ልምድ ወረቀት አጭር ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ ደመወዝ ሠርታለች» ይልና ማኅተም ይመታበታል። እሱን ይዤ መጥቼ ነበር፤ እዚህ ማንም ሁለት ጊዜ አላየውም። ደውዬ ስነግርዎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «እዚያ ያሉት ማወቅ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ከዚያ የእኔን ሥራ አንድ በአንድ ጻፉልኝ። የስንት ማኅበራትን ሂሳብ እንደያዝኩ ጻፉ። የየወሩን የባንክ ማስታረቂያ ማን እንደሚሠራ፣ የውጭ ኦዲተር ሲመጣ ሰነድ ማን እንደሚያቀርብ ጻፉ። የአንድ መጋዘን ጉድለት እኔ እንዴት እንዳገኘሁት ሳይቀር አስረዱ። በዚያ ላይ የራስዎን ስልክ ቁጥር አስቀመጡ።

ቀጣሪዎቼ ደወሉልዎ። እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ጅማ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ የብርድ ወራት የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። መብራት ይጠፋል ብለው ስልክዎን ቀድመው ቻርጅ አድርገው፣ ሳይተኙ እንደጠበቁ በኋላ ከባለቤትዎ ነው የሰማሁት። የቀጠረችኝ አለቃዬ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ? «ብዙ ሰው ስለ ቀድሞ ሠራተኛው ጎበዝ ናት ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እኚህ ሰው ግን ሥራሽን አስረዱኝ» ነው ያለችኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን እንጀራ ትቼ ነው የሄድኩት። ቅር ሊሉኝ ይችሉ ነበር። ለእኔ ግን እኩለ ሌሊት እስኪቃረብ ቁጭ አሉልኝ። ይህን እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳውም።

ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ውስጥ ያለሽው እህቴ። ስምሽን ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፣ ሳላስፈቅድሽ ግን አልጽፍም። አንባቢ እንዲገባው ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭ ዲግሪ ያለው ሰው እዚህ አገር ትምህርቱን የሚገመግም ተቋም ዘንድ እንዲያቀርብ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። እኔ ያመለከትኩበት ተቋም ትራንስክሪፕቱን ከተማሪው እጅ አይቀበልም። ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ፣ ማሸጊያው ላይ ማኅተም ተመትቶበት መላክ አለበት። የእኔ ደግሞ የወጪ መጋራት ክፍያ ገና አላለቀም ነበር። ቀሪው ተከፍሎ ክሊራንስ ካልመጣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም። እኔ ሜሪላንድ ሆኜ ይህን ሁሉ ማን ይሮጥልኛል?

ወንድሜ ሮጠልኝ። ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ውክልና ላክሁለት። አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ አረጋገጠው፤ ከጅማ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ገቢዎች፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ተመልሶ ገቢዎች። የራሱን ሱቅ እየዘጋ ነው ይህን ያደረገው። አንድም ቀን ስለ ወጪው አላነሳብኝም። ወንድሜ፣ ታናሼ ሆነህ ታላቄ ነው የሆንክልኝ።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ወረቀቱን ተቀብለሽ «ነገ ተመለስ» ማለት ትችይ ነበር። ፖስታው ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት፣ ማኅተሙ የት የት ላይ እንደሚመታ የግምገማ ተቋሙን መመሪያ ከእኔ ተቀብለሽ አነበብሽ። በስሜ አጻጻፍ ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት እንዳለ ያየሽውም አንቺ ነሽ። ፓስፖርቴ ላይ ካለው ጋር እንዲስማማ ደብዳቤ አያያዝሽበት። ያ ባይሆን ፋይሉ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ የአካውንቲንግ ዲግሪዬ እዚህ ከሚሰጠው የባችለር ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ነበር። ያችን ወረቀት ይዤ ቤኮ፣ የዩኒቨርሲቲው የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ፣ ያስተማሩኝን መምህራን ሁሉ አሰብኳቸው። እናንተንም አመሰግናለሁ።

ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ያስተማርከኝ ወንድሜም አትቀርም። ጅማ መርካቶ አካባቢ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ለሁለት አንድ ኮምፒውተር እየተካፈልን ነው የተማርነው። ተማሪው ሳይገባው ዝም ብሎ ቁልፍ እንዲነካ አትፈቅድም ነበር። «መጀመሪያ በወረቀት ዴቢትና ክሬዲቱን አሳየኝ» ትላለህ። ፒችትሪ ዛሬ እዚህ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። ሌላውን የሂሳብ ሶፍትዌር፣ ኩዊክቡክስንም በቀላሉ የለመድኩት ለዚህ ነው፤ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን አስቀድመህ አስይዘኸኝ ነበር።

እዚህ ላሉት ደግሞ ትንሽ ልበል። ቪታ የሚባል ፕሮግራም አለ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ሰዎችን ታክስ በነጻ የሚሞላ፣ የአሜሪካው ገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚደግፈው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ፈተናውን ካለፍክ ከጃንዋሪ መጨረሻ አንስቶ እስከ ኤፕሪል 15 እዚያ ትሠራለህ። የሞላኸውን ሌላ ሰው ሳያየው አይላክም። ስለ ፕሮግራሙ የነገረችኝ አብራኝ ፓርኪንግ የምትሠራ የጎንደር ልጅ ናት። አስተባባሪያችን ጡረታ የወጡ አካውንታንት ነበሩ። አማርኛ ተናጋሪዎች ሲመጡ እኔን ይጠሩኛል፤ ሥራውንም ቋንቋውንም አብሬ ሠራሁ። ወቅቱ ሲያልቅ ሳልጠይቃቸው ደብዳቤ ጻፉልኝ። ለዚያ «የአሜሪካ ልምድ አለሽ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልሴ እሱ ሆነ። ለሁለቱም ምስጋናዬ ከልብ ነው። አዲስ ለሚመጣ የሂሳብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው።

አሁን ያለሁበት ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ መጣ። «ለአቅራቢ ከመክፈልሽ በፊት ምን ታያለሽ?» የጅማው መጋዘን ፊቴ ላይ መጣ። የግዢ ትዕዛዙን፣ እኛ ሞዴል 19 የምንለውን የዕቃ መረከቢያና የአቅራቢውን ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ አልኩ። መጠኑ፣ ዋጋውና ቀኑ ካልገጠመ ብሩ አይወጣም አልኩ። የቡናውን ሚዛን ምሳሌ አድርጌ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማችኝ። ቡናው ከሥራቸው ጋር ተገናኘ ማለት ነው።

እርግጥ አዲስ ነገር ብዙ አለ። እኛ ጋ ቫት 15 በመቶ ነው፣ በየደረጃው ይሰበሰባል፣ የከፈልከውን ታቀናንሳለህ። እዚህ ቫት የለም፤ ሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ነው ያላት፣ የሚከፍለውም የመጨረሻው ገዢ ነው። ፔይሮሉም ይለያል። እኛ ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንቆርጣለን። እዚህ ለጡረታ ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2፣ ለአረጋውያን ሕክምና ሜዲኬር 1.45 በመቶ ከሠራተኛው ይቆረጣል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ያዋጣል። ድርጅታችን ሂሳብ የሚዘጋው ጁን 30 ነው፤ በእኛ ሰኔ 23 መሆኑ ነው። የጅማ ባልደረቦቼ ከሳምንት በኋላ ሰኔ 30 ላይ ሲያመሹ እኔ ጨርሼ ስለ እነሱ አስባለሁ። በርቱልኝ።

እናቴ፣ የአንቺን በስልክ ነግሬሻለሁ፤ እዚህ አልደግመውም፣ አለቅሳለሁ። ጎረቤታችን ሐጂ፣ ዱዓዎ ደርሷል። በረመዳን በየአፍጥሩ እንደሚያነሱኝ ነግረውኛል፤ አላህ ይቀበልዎ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ከእናቴ ጋር ቡና እየጠጣችሁ «ምን ደረሰች?» እያላችሁ ስትጠይቁ የከረማችሁ እናቶች ሁሉ፣ ኑሩልኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጋሼ የጻፉልኝን ደብዳቤ በፈቃዳቸው ስምና ቁጥሩን አውጥቼ ለወንድሜ ልኬለታለሁ። የትራንስክሪፕቱን ሂደትም ከውክልናው ጀምሮ በቅደም ተከተል ጽፌ አያይዤዋለሁ። ከቤኮ ተመርቃችሁ ወደ ውጭ ለመሄድ የተዘጋጃችሁ፣ ወይም ሄዳችሁ ቤተሰባችሁ ጅማ ያለ፣ ሱቁ ድረስ ሄዳችሁ ኮፒ አድርጉ። ክፍያ የለውም። አለቆቻችሁንም ገና ሳትወጡ፣ ሥራችሁን በዝርዝር እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ ከሩቅ ማስጻፍ ይከብዳል፤ ሁሉም ሰው እንደ እኔ ጋሼ አያገኝም።

እግዜር ይስጥልኝ። ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

ልጃችሁና እህታችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ