ትንንሾቹ ሐይቆች ላይ ከመውጣታችን በፊት

ሰላም ለሁላችሁ። በጋው ስለገባ ካያኮቻችሁን (በመቅዘፊያ የምንነዳቸውን ትንንሽ ጀልባዎች) አውጡና ፈትሹ። ትንሽ ሐይቅ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትንቁት! ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ውሃ ነው፣ ሐይቁ ጥልቅ ከሆነ ጥቂት ሜትር ዝቅ ሲሉ ቅዝቃዜው ሌላ ነው፣ ስለዚህ ላይፍ ጃኬት መቀመጫ ስር ሳይሆን ደረት ላይ፣ ዚፑም ይዘጋ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ በጠዋት እንውጣ። ስትሄዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ቅዘፉ፣ ደክሟችሁ ስትመለሱ እሱ ራሱ ወደ ተነሳችሁበት ይገፋችኋል። ነጎድጓድ ከተሰማ ቶሎ ወደ ዳር፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ መመለስ የለም። እዚያ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ ንገሩ። ሌላ ሐይቅ ከመግባታችን በፊትም ካያኩን አጥበን እናድርቅ፣ ከሥሩ የተጣበቀች ቅንጣቢ አረም እንኳ እዚያ ልትራባ ትችላለች።