ደብዳቤ ለልጄ፦ ቪዲዮውን የምትመርጪው አንቺ ነሽ

ውድ ልጄ፣

ማስታወክ ምን ያህል እንደሚያስፈራሽ ከነገርሽኝ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። በቃል ከምነግርሽ መጻፍን የመረጥኩት ብቻሽን ሆነሽ፣ ሲከብድሽ እያቋረጥሽ እንድታነቢው ብዬ ነው።

ፍርሃትሽ ስም አለው፤ ባለሙያዎች ኢመቶፎቢያ ይሉታል። ቅብጠት አይደለም፣ ድክመትም አይደለም። ወተቱን አሽትተሽ፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን አንብበሽ፣ እንደገና መልሰሽ የምታሸቺው፣ ክፍል ውስጥ በር አጠገብ ካልሆነ የማትቀመጪው፣ ጓደኛሽ "ሆዴን አመመኝ" ስትል የምትሸሺያት በዚሁ የተነሣ ነው። የከፋው ነገር ፍርሃት ራሱ ሆድን ማወኩ ነው። ትደነግጫለሽ፣ ሆድሽ ይገለባበጣል፤ ያንን "መጣብኝ" ትዪና ይበልጥ ትደነግጫለሽ። ማቅለሽለሽ ግን ማስታወክ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ መጥቶ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥንቸል ይፈራ የነበረ አንድ ሕፃን እንዴት እንደረዳች ጽፋለች። ሕፃኑ የሚወደውን እየበላ ሳለ ጥንቸሉ በጥቂት በጥቂቱ እየቀረበው መጣ፤ በመጨረሻ በእጁ ዳሰሰው። ታሪኩን የምወደው ማንም ጥንቸሉን አንሥቶ ጭኑ ላይ ስላልጣለበት ነው።

ላንቺ ደግሞ ማስታወክን የሚያሳይ ቪዲዮ ይህን ቀስ በቀስ የማቅረብ ሥራ ሊሠራልሽ ይችላል። ማንም ሰው እስኪታመም መጠበቅ የለብሽም፤ ምስሉን ታሳንሺዋለሽ፣ ድምፁን ትዘጊዋለሽ። ምናልባት ቃሉን ወረቀት ላይ ከመጻፍ ትጀምሪ ይሆናል። ከዚያ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ሲያስመልሰው ታያለሽ፤ ቀጥሎ ተዋናይ አስመስሎ ሲሠራው ያለ ድምፅ፣ ከዚያ በድምፅ። እውነተኛው ወደ መጨረሻ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ቁጥር ስጪውና 3 ወይም 4 ከሰጠሽው ጀምሪ። ያንኑ ቪዲዮ እስኪሰለችሽ ደጋግመሽ እዪው፤ እዚህ ላይ መሰልቸት ትልቅ ድል ነው። ከማየትሽ በፊት ይደርስብኛል የምትዪውን በአንድ መስመር ጻፊ፤ ካየሽ በኋላ የሆነውን ከሥሩ ጻፊ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ልዩነት አእምሮሽ እንዲያየው ነው የምንፈልገው።

ዓይንሽን በጣቶችሽ ከልለሽ ወይም "እንዳላስታውክ" ብለሽ ከረሜላ እየመጠጥሽ ብታዪው ግን አእምሮሽ "የተረፍኩት በከረሜላው ነው" ብሎ ሊደመድም ይችላል። ከከበደሽ ቀለል ወዳለው ተመለሺ፤ እርሱንም ዓይንሽን ገልጠሽ እዪው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚያጫውተውን ምርጫ አጥፊው። የሚመጣውን ስልኩ ከመረጠልሽ ከ3 ወደ 9 በአንድ ጊዜ ይወስድሻል፤ ይህ ደግሞ መለማመድ ሳይሆን መደንገጥ ነው። ከፈለግሽ እኔ ቀድሜ አይቼ ምን እንዳለበት በቃል እነግርሻለሁ። ሌሊት ብቻሽን ሆነሽ ግን አትፈልጊ።

እኔም የምለውጠው ነገር አለ። ከእንግዲህ "አላስታውክም አይደል?" ስትዪኝ "አታስታውኪም" አልልሽም። ማንም ሰው ለማንም የማይሰጠው ዋስትና ነው፤ ብሰጥሽም ብዙ ሳይቆይ መልሰሽ ትጠይቂኛለሽ። "ቢመጣም ትችዪዋለሽ፣ አጠገብሽ ነኝ" ነው የምልሽ። መጀመሪያ ላይ ይከፋሽ ይሆናል። ተቆጪኝ፤ አልቀየምሽም።

ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም። የተውሻቸውን ምግቦች አንድ በአንድ መመለስ፣ በልተሽ መኪና መሳፈር፣ ከበር ራቅ ብሎ መቀመጥም ይከተላል። ምግብ መቀነስሽ ስለሚያሳስበኝ ይህን ፍርሃት የሚያውቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ልይዝልሽ እፈልጋለሁ። ደረጃዎቹን ከባለሙያው ጋር ብታወጫቸው ይሻላል። ለመዳን ማስታወክ አያስፈልግሽም፤ ይህንን ፈርተሽ ቀጠሮውን እምቢ እንዳትዪ።

እስከዚያው ለቅዳሜ አንድ ካርቱን ምረጪ። ድምፁ ይዘጋ ወይስ ይከፈት የሚለውን ያን ጊዜ ትነግሪኛለሽ።

የምትወድሽ እናትሽ