«ቆራሌዎች መጡ!»፦ የኬሚስትሪ ክበብ ዓመት

መስከረም ላይ 23 ተማሪዎች ተመዘገቡ። የዓመቱ ሥራ የምግብ ትርፍራፊን ወደ ጠቃሚ ነገር መቀየር መሆኑን ሲሰሙ 9ኙ በዚያው ጠፉ። የጸኑት ከአራት ኪሎ ጁስ ቤቶች ልጣጭና የአቮካዶ ፍሬ በፌስታል እየተሸከሙ ሲገቡ፣ ጥበቃው ጋሼ «ቆራሌዎች መጡ!» ይሉናል። ስሙ እስከ ሰኔ ድረስ አልለቀቀንም።

የጀመርነው በብርቱካን ነው። ልጣጩን ስትጨምቁት ተፈናጥሮ ዓይን የሚለበልበው ዘይት አብዛኛው ሊሞኒን የሚባል ፈሳሽ ነው። ለብቻው የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከውሃ ጋር ሲፈላ ግን ከ100 በታች ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ይወጣል። እኛ ዘንድ ውሃው 92 አካባቢ ላይ እየፈላ አስቸገረን። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ስፈልግ አንድ ሳምንት ባከነ። በመጨረሻ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ከፍታው ቢሆንስ?» አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። የኬሚስትሪ መምህሩ እንግዲህ እኔ ነኝ።

ከ2 ኪሎ ልጣጭ የወጣው ዘይት አንድ ሲኒ እንኳ አልሞላም። ቢሆንም የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የነበረ ፎም ላይ ጠብ ስናደርገው ፎሙ እየሟሟ ተቦረቦረ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

ጩኸቱን ያቆመችው አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ስንት መብራት ፈጀ?» አለች። 1,000 ዋት ምድጃ ለ3 ሰዓት፤ 3 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ የሚያደርገውን ማቀዝቀዣ ቱቦ አልፎ ወደ ፍሳሽ የሄደውን ውሃ ማንም አልለካውም፤ ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ። ኬሚስቶቹ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጧቸውን 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ (ብክለትንና ብክነትን ከምንጩ የሚቀንስ ኬሚስትሪ) መርሆዎች ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ኃይል መቆጠብ አንዱ ነው። ለጥፈን አላነበብነውም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃውን በትንሽ ፓምፕ ከባልዲ ወደ ባልዲ እያዞርን ተጠቀምን፤ ልጣጭም ሳይጠራቀም ምድጃ አንለኩስም። በእኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ዘይቱ ሳይሆን ይህ ነው።

የድንች ልጣጭ ፕላስቲኩን በአጭሩ ልለፈው። ስታርቹን አጥልለን ከአቼቶና ከግሊሰሪን ጋር አበሰልነው፤ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። በአራተኛው ቀን ሻገተ።

የአቮካዶው ፍሬ ግን ካሰን። ተከትክቶ አየር ሲያገኘው ይቀላል፤ ሲቀቀል ደግሞ ጥጥ ጨርቅ ላይ ደብዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ይሰጣል። ከሽሮ ሜዳ የለመንነው ቁራጭ ጨርቅ አሁን የቤተ ሙከራው መጋረጃ ነው። ትንሽ ዥንጉርጉር ነው፤ እኛ ሆን ብለን ነው እንላለን።

የእንቁላል ቅርፊት ዕቅዳችንን ጾም በላው። ቅርፊቱ 95 በመቶ ገደማ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ጠመኔ ልንሠራበት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ካፌዎቹ እንቁላል መጥበሱን ቀነሱ፤ እኛም ባዶ ፌስታል ይዘን ተመለስን። ለመጪው ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ እንሰበስባለን። ቤታችሁ ቅርፊት ካለ አምጡልን፤ ግን እባካችሁ አጥባችሁ። ያልታጠበው ምን ምን እንደሚሸት በሚገባ አውቀነዋል።